እንጦጦ፣ ጉለሌ ወይስ መናገሻ? ትንሽ ልጅ ይዞ ታሪክ ያለው ዛፍ ሥር ለመዋል

የምንኖረው ጄሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። አፈር የምትነካው በረንዳ ላይ ባለችው የጤና አዳም ጣሳ ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሷንም ሥሯን ለማየት እየነቀለች መልሳ ስትተክል ሁለት ጊዜ አድርቃታለች። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብለን ዛፍ ሥር እንውላለን።

የግቢያችን እናቶች "የቱ ይሻላል?" እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ስለዚህ ከልጄ ጋር የተመላለስንባቸውን ሦስት ቦታዎች፣ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን፣ እንጦጦንና የመናገሻ ሱባ ደንን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላወዳድር። ሦስቱም ለአረንጓዴ የተራበ ዓይን ይጠቅማሉ፤ ሦስቱም ስለ ተከሏቸው ሰዎች የሚነገር ታሪክ አላቸው። ለትንሽ ልጅ ግን እኩል አይደሉም። ልዩነታቸውን የተማርኩት ከከሸፈ ጉዞ ነው።

ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳለች በታኅሣሥ አንድ እሑድ ጠዋት እንጦጦ ይዣት ወጣሁ። የልጅ ጋሪም ገፍቼ ነበር። ጋሪው ጠጠሩ ላይ አልሄድ አለ፤ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ ልጅቷ አለቀሰች፤ በነጠላ አዘልኳትና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ የምኒልክን ቤተ መንግሥት አየሁ፤ እሷ ያየችው የእናቷን ጀርባ ነው። ጥፋቱ የእንጦጦ አልነበረም፤ ቦታውን የመረጥኩት ለራሴ ስለነበር ነው።

ከዚያ በኋላ ቦታ ስመርጥ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፦ ከበሩ እስከ መጀመሪያው የሚያስገርም ነገር ስንት እርምጃ ነው? የአራት ዓመት ልጅ እግር በደህና ቀን አንድ ሰዓት ያህል ያገለግላል። ግማሹ ሰዓት በመኪና ማቆሚያና በአጥር ጥግ ካለቀ፣ የቀረው ግማሽ ሰዓት ልቅሶ ነው። ሁለተኛው፦ ከሚታየው ነገር ስንቱ እጇ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው? ለእኛ ታሪክ ማለት ዓመተ ምሕረትና የነገሥታት ስም ነው። ለእሷ ግን "ይህን ማን ተከለው?" እና "እዚህ ማን ተኛ?" ነው። የምትነካው ነገር ከሌለ ደግሞ ጥያቄውም አይመጣም።

ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል

በሁለቱም መለኪያ ለትንሽ ልጅ ቀዳሚው ጉለሌ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ ሳላመነታ።

ማዕከሉ በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ተራራው ግርጌ ላይ ያለ ሲሆን፣ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው ሲባል አትደንግጡ፤ ከልጅ ጋር የምታዩት ከበሩ ብዙም የማይርቀውን ክፍል ነው። ቦታው ቀድሞ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ የለበሰ ነበር። አሁን ባሕር ዛፉ ቀስ በቀስ እየተነሳ በአገር በቀል ዛፎች ይተካል፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት። የመድኃኒትና የሽቶ ዕፅዋቱ፣ የጌጥ አበቦቹ በየክፍላቸው ተለይተው ተተክለዋል። ይህ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ መደቡ ዝቅ ያለ፣ ቅጠሉ በአፍንጫዋ ልክ።

ባለፈው ዓመት በኅዳር እናቴን ይዘን ሄድን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉለሌን "የአያት ጓዳ" ነው የምለው። እናቴ ገና ከመጀመሪያው መደብ አላለፈችም። ጎንበስ ብላ፣

"ይቺ ዳማከሴ ናት። እናትሽን ትንሽ ሆና ምች ሲመታት ቅጠሏን አሽቼ፣ ጨምቄ ያጠጣኋት" አለቻት።

"አለቀሰች?"

"አዎ፤ አንቺን ነው የምትመስለው።"

ልጄ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እኔም እንደሷ ትንሽ እንደነበርኩ ያመነችው ያን ቀን ይመስለኛል።

ቅጠል መቀንጠስ ክልክል ነው፤ ለልጁም ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ ንገሩት። ውስጥ ያሉትን ሠራተኞች በትሕትና ከጠየቃችሁ ግን የወደቀ ቅጠል አንስተው ይሰጣሉ፣ ያስረዳሉም። አንዲት ሠራተኛ ለልጄ የአሪቲ ቅጠል መዳፏ ላይ አድርጋ "በቀስታ እሺው፣ ከዚያ አሽትቺው" አለቻት። አሸችው። አሸተተችው። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየችና "የአያቴ ሳጥን" አለች። እውነትም ነው፤ እናቴ የክት ልብሷ መሃል አሪቲ ታስቀምጣለች።

እንዶድ ካገኛችሁ አትለፉት። በእናቶቻችን ዘመን ጋቢና ነጠላ የሚታጠበው በፍሬው ነበር፤ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ወንዝ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። ከዚያች ትዝብት ተነስተው ያደረጉት ምርምር በዓለም ታወቀ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። ለልጄ ያሳጠርኩላት እንዲህ ነው፦ "ሴቶቹ ልብስ ያጥቡ ነበር፤ አንድ ጎበዝ ሰው ደግሞ ውሃውን ትክ ብሎ አየ።" እሷም የእንዶዱን ቁጥቋጦ ትክ ብላ አየች። ፍሬውን ግን አፍ ውስጥ ማስገባት አደገኛ ነውና እጇን ያዙ።

ጉድለቱንም ልናገር። ጉለሌ ዝም ያለ ቦታ ነው። መሮጥ፣ መንጠልጠል፣ ፈረስ መጋለብ የለመደ የሰባት ዓመት ልጅ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ "እንሂድ" ይላል። ግቢው ተዳፋት ስለሆነም ጉልበቱ ለሚያመው አዛውንት ከመጀመሪያዎቹ መደቦች አልፎ መውጣት ይከብዳል። እኛ እናቴን ጥላ ሥር አስቀምጠን፣ ልጅቷ እየተመላለሰች ያየችውን እንድትነግራት አደረግን። ይኸው ራሱ ጨዋታ ሆነ፤ አያት ትጠይቃለች፣ ልጅ ሮጣ አይታ ትመጣለች። "ኮሶው አበባ አለው?" "አለው!" "ምን ዓይነት?" እንደገና ሩጫ። የኮሶ አበባ የመሰለ እንዴት ይገለጻል? ከቅርንጫፉ ተንዘርፍፎ የሚወርድ፣ ቀይ ዳማ፣ እንደ ሹሩባ። "ፀጉር ነው!" አለች በመጨረሻ። እናቴ በልጅነቷ ስለጠጣችው የኮሶ ምሬት ስትነግራት ፊቷን አጨማደደች።

እንጦጦ

እዚህ ላይ ዘለግ ማለቴ ነው፤ ምክንያቱም ሰው "እንጦጦ እንሂድ" ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያቀላቅላል። አንደኛው በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ነው፤ የእግርና የብስክሌት መንገዱ፣ የልጆች መጫወቻው፣ ፈረሱ፣ ካፌው ያለበት። ሁለተኛው አሮጌው እንጦጦ ነው፤ እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ሙዚየሙና የዳግማዊ ምኒልክ የጥንቱ ቤተ መንግሥት። በአንድ ቀን ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፤ ግን አሮጌው ይቅደም። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ከወጣ በኋላ ማንም የምኒልክን ጎጆ ሊያሳየው አይችልም።

ቤተ መንግሥቱን ትልቅ ሰው ሲያየው ቅር ይለዋል፤ "ይህ ነው እንዴ?" ይላል። ልጅ ግን ይወደዋል፤ ምክንያቱም ቤቱ የሚገባው ቤት ነው። ግድግዳው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ በነጭ የተለቀለቀ፣ ጣሪያው ሣር። ባለፈው ጥቅምት ልጄ መዳፏን ግድግዳው ላይ ልትለጥፍ ስትል "ከአጠገቡ ሆነሽ እዪው" አልኳት። አየችው፤ ጭቃው ውስጥ የተደባለቀውን የጭድ ስባሪ በጣቷ እያመለከተች፣

"ንጉሡ ብር አልነበራቸውም?" አለችኝ።

መልሱ እንጦጦን በሙሉ የያዘ ነውና እናንተም ተዘጋጁበት። እኔ የምነግራት የእንጨትን ታሪክ ነው። ያኔ የንጉሥም የገበሬም ቤት የሚሠራው በእንጨትና በጭቃ ነበር፤ የንጉሡ ግን ትልቅ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ተራራው ላይ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ ውሃ ይርቃል፣ ማገዶውም እየተቆረጠ አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ከታች ፍል ውሃው አጠገብ ያለውን መስክ ወደዱት፤ ቤት አሠሩበት፤ "አዲስ አበባ" አሉት። ከተማው ሁሉ ከተራራው ወረደ።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። አዲስ አበባም እንጨት አጣች። ቤት ሲሠራ እንጨት፣ እንጀራ ሲጋገር እንጨት፤ ዙሪያው ራቁቱን ቀረ። እስከዚያ ድረስ ምኒልክ ከተማውን ትተው ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ወደምትባለው ቦታ ለመሄድ አስበው ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት በ1880ዎቹ ከውጭ መጥቶ የተተከለው ፈጣን ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ መጣ፣ ባሕር ዛፍ ተባለ። የተራራው አረንጓዴ ካባ አብዛኛው እሱ ነው። አፈሩን ያደርቃል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያስበቅልም እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም እውነት አለው። ግን እሱ ባይኖር ኖሮ እኔና ልጄ ዛሬ "አዲስ አበቤ ነን" ማለታችን ያጠራጥራል። ለሁለቱም ወገን ፍርድ ለመስጠት የአራት ዓመት ልጅ አትደርስም፤ እንቆቅልሹን ግን ትወደዋለች።

"እንቆቅልሽ!"

"ምን አውቅልሽ!"

"በልጅነቱ ክብ ልብስ፣ ሲያድግ ረጅም ልብስ የሚለብስ?"

መልሱን ፍለጋ መሄድ የእንጦጦ ምርጡ ጨዋታ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ገና ችግኝ ሳለ ቅጠሉ ክብ ብሎ፣ ሰማያዊ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል፣ ግንዱን ከሁለት ጎን አቅፎ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ሲያድግ ቅጠሉ ይረዝማል፣ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፣ ወደ ታች ይንጠለጠላል። አንድ ዛፍ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ከተቆረጠ ጉቶ የሚበቅለውን ለጋ ቅርንጫፍ ከትልቁ ዛፍ አጠገብ ካሳያችሁት ልጁ ሁለቱን በአንድ እጁ ያስተያያል። ልጄ የሁለቱንም ሽታ አወዳድራ "ሁለቱም ጉንፋን ናቸው" ብላ ደመደመች፤ ቤታችን ጉንፋን ሲይዘን በባሕር ዛፍ ቅጠል ስለምንታጠን ነው። መሬት ላይ የሚረግፈውን ጠንካራ ፍሬ ኪሷን ሞልታ ነው የምትመለስ። ከላዩ ቀጭን መስቀል የሚመስል ምልክት አለው፤ እሱንም ያገኘችው እሷ ናት።

መንገዱ ላይ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ያጋጥሟችኋል። ከቁመታቸው የሚበልጥ እስር ጀርባቸው ላይ አጋድመው፣ ጎንበስ ብለው፣ በፍጥነት ይወርዳሉ። ለልጃችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። መንገድ ልቀቁላቸው፣ ሰላም በሉ። ልጄ አንዷን "እማማ ከባድ ነው?" አለቻቸው። ቀና ሳይሉ፣ "ልማድ ነው የኔ እናት፤ አንቺ ተማሪ" አሏት። የእንጨቱ ታሪክ ዛሬም እንዳላለቀ ከዚህ በተሻለ ማን ያስረዳል?

ለእንጦጦ የምሰጠው ዕድሜ ከአምስት እስከ ስምንት ነው። ታሪክ አዳምጦ ጥያቄ የሚያነሳ የአራት ዓመት ልጅም ይችላል። ከዚያ በታች ለሆነው ከፍታው ራሱ ጫና ነው፤ የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ልጁ ቶሎ ካለከለከ ወይም ራሴን አመመኝ ካለ አረፍ አድርጉት፣ ውሃ ስጡት፣ ካልተሻለው ውረዱ። ፀሐዩ ደግሞ አታላይ ነው፤ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ አይሰማም፣ ማታ ግን አፍንጫው ተልጦ ታገኙታላችሁ። ባርኔጣ የግድ ነው።

በትራንስፖርት ለሚሄድ ከሦስቱ እንጦጦ ይቀላል። ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥታችሁ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ታክሲ ትይዛላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስትገቡ ነጠላ ይኑራችሁ፤ ልጁም ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ አስቀድማችሁ ንገሩት። ወር በገባ በ21 የማርያም ዕለት ምእመናን ስለሚበዙ ለመሳለም ካልሆነ በቀር ሌላ ቀን ይሻላል። ፓርኩ ደግሞ እሑድና በዓል ቀን ይጨናነቃል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው ተራራውን ለብቻው ያገኘዋል።

መናገሻ ሱባ

መናገሻ መናፈሻ አይደለም፤ ደን ነው። ልዩነቱ ለልጅ ወሳኝ ስለሆነ ልብ በሉት። መደብ የለም፣ አጥር የለም፣ "ይህ ጽድ ነው" የሚል ሰሌዳ በየእርምጃው የለም። ያለው ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ዕድሜው የሚያስፈራ ጫካ ነው። የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል።

ታሪኩን ግን ከሦስቱ አስበልጬ እወደዋለሁ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ራቁቱን የቀረውን ተራራ አይተው፣ ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዲተከል አዘዙ ይባላል። ነገሥታቱም ተከታትለው ጠበቁት። እስቲ አስቡት፤ ዘሩን የተሸከመው ሰው ዛፉ ሲያድግ እንደማያይ እያወቀ ነው የተሸከመው። ይህን ለልጄ ስነግራት ዘሩን በምን ተሸከሙት ነው ያለችኝ። በአቁማዳ ይሆናል አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የትራስ ልብስ አቁማዳ ሆኗል፤ ሳሎን "ወፍ ዋሻ"፣ መኝታ ቤት "መናገሻ"።

እዚያ አንድ አሮጌ ጽድ ሥር ስንደርስ፣ እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ግንዱን ልናቅፍ ሞከርን፤ አልደረስንም። ልጣጩ በቀጭን በቀጭኑ እየተተረተረ ይላቀቃል፤ በጣት ሲዳሰስ ገመድ ይመስላል። ቀና ሲባል ጉሬዛ አለ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጅራቱ እንደ ዝንብ መከላከያ ጭራ የተንዠረገገ። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር ልጄ ትንፋሿን ይዛ ቆየች። ዕድል ከቀናችሁ የምኒልክ ድኩላ ታያላችሁ፤ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ የድኩላ ዝርያ ነው፣ ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላል። ድኩላ ግን ጫጫታ አይወድም፤ ከልጅ ጋር ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ከኋላው።

ከመናገሻ የሚቀንሰው ርቀቱ ነው። በሰበታ በኩል ስትሄዱ አስፋልቱን ከለቀቃችሁ በኋላ ያለው መንገድ ያንገላታል፤ ክረምት ላይ ጭቃው ከፍ ያለ መኪና ይጠይቃል። በራስ መኪና ወይም ተከራይቶ፣ ሙሉ ቀን ሰጥቶ ነው የሚኬደው። ከበሩ እስከ መጀመሪያው ግርምት ያልኩት መለኪያ እዚህ የሚቆጠረው በእርምጃ ሳይሆን በመኪና ሰዓት ነው። መኪና የሚያዞረው ልጅ ደግሞ ገና ሳይደርስ ቀኑ ይበላሽበታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሳማ። ልጄ ከመንገዱ ሁለት እርምጃ ወጣ ብላ ቢራቢሮ ስትከተል እግሯን ፈጃት። ጩኸቱ ጉሬዛዎቹን አባረረ። አብሮን የነበረው አስጎብኚ ሳይሮጥ፣ ሳይደናገጥ፣ ዞር ዞር ብሎ የቱልት ቅጠል ቀነጠሰ፣ በመዳፉ አሸው፣ ጭማቂውን እግሯ ላይ አሸላት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሕመሙ ረገበ። እኔ በልጅነቴ የማውቀውን ነገር ረስቼው ነበር። ስለዚህ መናገሻ ስትሄዱ ረጅም ሱሪና ካልሲ፣ የተሸፈነ ጫማ። አስጎብኚም ያዙ፤ ደን ውስጥ መንገድ የሚያውቅ ሰው ከልጅ ጋር ላለ ወላጅ ቅንጦት አይባልም። አጭሩን መንገድ ምረጡ፤ ጫፍ የመድረስ ምኞታችሁን ልጁ አሥር ዓመት እስኪሞላው አቆዩት።

ግማሽ ቀን ብቻ ላለው

ስለ ብሔረ ጽጌ ለምትጠይቁኝ፦ የከተማው ሰው ለሠርግ ፎቶ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቀው በደቡብ በኩል ያለ መናፈሻ ነው። ገና ዳዴ ለሚል ልጅ ወይም ተራራ ለማይሆናት አያት ከሦስቱም ይቀላል። ታሪክ ፍለጋ ግን እዚያ አልልካችሁም።

እንግዲህ የቱ?

በቀጥታ እናገራለሁ። ልጃችሁ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ከሆነ ጉለሌ ውሰዱት፤ አያት ካለችም ይዛችሁ ሂዱ፣ አስጎብኚዋ እሷ ናት። አምስት ከሞላውና "ለምን?" ማለት ካበዛ እንጦጦ፤ አሮጌው ይቅደም፣ ፓርኩ ይከተል። ስድስት ካለፈው፣ መኪና ካላችሁና ልጁ ቁጭ ብሎ ሰዓት መጓዝ ከቻለ መናገሻ። ሁለት ልጆች፣ አንድ የሦስትና አንድ የሰባት ዓመት ካሏችሁ እንጦጦ ያስማማቸዋል፤ ትልቁ ፈረስ ይጠብቀዋል፣ ትንሹ የባሕር ዛፍ ፍሬ ሲለቅም ይውላል። ገንዘብ ካጠረ ጉለሌ ወይም አሮጌው እንጦጦ፤ ፓርኩ ውስጥ መጫወቻው፣ ፈረሱና ካፌው ተደምሮ ኪስ ይዳብሳል። ከቤት ምሳ ቋጥራችሁ ብትወጡ ልዩነቱን ታያላችሁ።

ወቅቱም ይመርጥላችኋል። መስከረም ላይ ተራራው አደይ ለብሶ ስታዩት ልብ ይሰወራል፤ መሬቱ ግን ገና ይንሸራተታል፣ የመናገሻም መንገድ አልደረቀም። ጥቅምትና ኅዳር ለሦስቱም ምርጥ ናቸው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አረንጓዴው ያልጠወለገ። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ላይ ውርጭ ስላለ ከሦስት ሰዓት በፊት ትንሽ ልጅ ይዛችሁ አትውጡ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጉለሌ የዛፍ ጥላ ስላለው ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ከልጅ ጋር ቤት ነው የሚኮነው፤ ችግኝ ለመትከል ካልሆነ በቀር።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገባው፦ ውሃ፣ ሶፍት፣ አንድ ትርፍ ካልሲ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ነጠላ፤ ነጠላዋ ለማዘል፣ ለመቀመጫ፣ ለነፋስ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ታገለግላለች። ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ይበቃል። ቆሎ ለትልልቆቹ ነው፤ እየሮጠ ለሚበላ ትንሽ ልጅ ያንቀዋል። የልጅ ጋሪ እቤት ተዉት። በር ላይ ስትደርሱ ልጁን ሽንት ቤት አስገቡት፣ "አልመጣብኝም" ቢልም። ቆሻሻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ። ቀድማችሁ ዳገቱን ውጡ፤ መመለሻው ቁልቁለት ይሁን፤ ደክሞት የሚራመድ ልጅ ቁልቁለቱን ይሮጠዋል፣ ዳገቱን ግን እናንተ ናችሁ የምትሸከሙት።

አንድ ነገር ደግሞ። በአንድ ጉዞ ከአንድ ታሪክ በላይ አትንገሩ። እኔ አንዴ እንጦጦ ላይ ስለ ምኒልክ፣ ስለ ጣይቱ፣ ስለ አድዋና ስለ ባሕር ዛፍ በአንድ ትንፋሽ ነግሬያት፣ ማታ ለአባቷ "ጣይቱ ከባሕር ማዶ መጥታ ተተከለች" አለችው። አሁን ከቤት ሳንወጣ የቀኑን ታሪክ እንመርጣለን፤ የመጪው ቅዳሜ የኮሶ ነው፣ እናቴ ልትተርክ ተስማምታለች፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጉለሌ በር ላይ እንገኛለን።